ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ

ውዴ ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው። በሐይቁ ዳር ባለ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ሰባት ዓመት ኑግ ስታበጥር ኖረች። በአብዮት በዓል መፈክር ስታሰማ ድምጿን ወደዱት፤ በ1975 ዓ.ም. ወንፊቱን አስጥለው የፋብሪካውን ድምፅ ማጉያ አስያዟት። ደመወዙ ያው ነው፤ ግን ወንበር አለው።

ሕጉ አንድ ነበር። የካድሬው የጓድ አምሐ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት አይነበብም፤ ንባቡም በደብዳቤው ቁጥር ይጀመራል። ሠራተኛው ደግሞ የራሱ አሰማም ነበረው። «የስኳር እጥረት የለም» ከተባለ ሴቶቹ ወደ ሱቅ ይሮጣሉ። ውዴም አንብባ ስትጨርስ አብራ ትሮጣለች።

አንድ እሑድ ሰባት ሠራተኞች ለቅሶ ለመድረስ በጀልባ ዘጌ ተሻገሩ። ሰኞ አንዳቸውም አልገቡም። ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለነበር ጀልባው ሰጠመ የሚል ወሬ ተነሣ። ከሰባቱ አንዱ መካኒኩ ዓሊ ነው፤ ሚስቱ ሰዓዲያ እዚያው ጠርሙስ ታጥባለች። ጓድ አምሐ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ አንዲት ወረቀት ጻፈና ማህተም መታባት። ማህተሙን በቦርሳው ይዞም ለስብሰባ ሄደ።

ውዴ ቁጥሩን ጠርታ አነበበች። «በጀልባው ላይ አደጋ ደርሷል እየተባለ የሚናፈሰው የጸረ አብዮተኞች ወሬ ነው።»

«በቃ፣ ሞተዋል» አለች ሰዓዲያ፤ ሻሿን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለች። እስከዚያች ሰዓት ተስፋ ነበራት። ለቅሶው ከመጭመቂያው ጩኸት በላይ ሆነ። ውዴ በመስኮት እያየች፣ ይህን ያመጣው የገዛ ድምጿ መሆኑ ገባት።

ብዙም ሳይቆይ አገኘሁ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከዘጌ በታንኳው መጣ። ዘበኛው አላስገባ ስላለው ለውዴ በአጥር ነገራት። የጀልባው ሞተር ገና ሳይነሡ ተበላሽቶ፣ ሰባቱም በደኅና ዘጌ ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ቆጠረላት። «ዓሊንማ ሞተሩን በትኖ ከባለጀልባው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የተውሁት» አላት።

ያለ ማህተም ማንበብ ወንበር ብቻ አያሳጣም። የውጭ ሬዲዮ ያለውን ገበያ ላይ የደገመ ሰው ተወስዶ ስምንት ወር ቤቱን አላየም። ውዴ ይህን አስባ፣ ሄዳ ማብሪያውን ተጫነች።

«ውዴ ነኝ። ይህ ቁጥር የለውም።»

አንዱ ሠራተኛ መጭመቂያውን አቆመው። የሰባቱን ስም ጠራች፣ የዓሊንም ጭቅጭቅ ጨመረች። ሰዓዲያ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እሱ ራሱ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጓድ አምሐ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። በማን ፈቃድ አነበብሽ አላት።

«በማንም። ማህተም ያለውን አነበብሁ፣ ሰው አለቀሰ። የሌለውን አነበብሁ፣ ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ።»

«እኔስ የጻፍሁት አደጋ የለም ብዬ አይደለም እንዴ?»

እውነቱን ነው፤ ለአንድ ጊዜ የማህተሙ ወረቀት አልዋሸም ነበር።

«አውቃለሁ ጓድ» አለች ውዴ፣ ድምጿን ሳታነሣ። «ግን ማን ይመንዎ?»

አምሐ የገዛ ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ሊያሳስራት ይችል ነበር፤ ግን ምን ብሎ ይክሰሳት? የተናገረችው እሱ ራሱ የጻፈውን ነው። ወደ ኑጉ መለሳት።

በማግሥቱ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ድምፅ ማጉያው ግን ዘጠኝ ቀን አንባቢ አጣ። በእሷ ቦታ እንዲያነቡ ከየክፍሉ የተጠየቁት ሴቶች ሁሉ ጉንፋን ይዞናል አሉ።