ትራፊክ የሌለበት ቁልቁለት

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ተሳፋሪ እስኪሞላ እንኳ መሪውን በጣቴ እየደበደብኩ ነው የምቀመጠው። ከወሎ መጥቼ መቐለ ላይ ሚኒባስ ስይዝ መጀመሪያ የተማርኩት መንገዱን ሳይሆን መብራቱን ነው። ከፊት የሚመጣ ሹፌር ሁለቴ ብልጭ ካደረገልህ፣ ወደፊት ትራፊክ ራዳር ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ሮማናት አደባባይ ላይ በተሳፋሪ የተሰዳደብን ሰዎች እንኳ ይህቺን አንነፋፈግም ነበር።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ጣጣዬ ጀመረ። ትምህርት ቤቷ ከእንዳ ኢየሱስ በሚወርደው ቁልቁለት ዳር ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ። ሠላሳ የሚል ምልክት ተተክሏል፣ ማን አይቶት። ትራፊኩ ጠዋት ይቆማል፤ ልጆቹ ለምሳ ሲለቀቁ እሱም ምሳው ላይ ነው። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ትውላለች። ያቺ ሰዓት ስትቃረብ አንዱ በፍጥነት ባለፈኝ ቁጥር የምትታየኝ ልጄ ናት።

ስለዚህ መዋሸት ጀመርኩ። በዚያ ሰዓት ዳገቱን እየወጣሁ ለሚወርደው ሁሉ ሁለቴ ብልጭ አደርጋለሁ። አንዱ ቀበቶውን ይስባል፣ ሌላው ስልኩን ከጆሮው ይጥላል፣ ሁሉም ሙሽራ የጫነ ይመስል ቀስ ይላል። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ቀን ሮማናት ተራ ስንጠብቅ ሹፌሮቹ ከበቡኝ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጠው፣ የአገሩ ሰው፣ ቀረብ ብሎ፣ «ስማ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እዛች ቁልቁለት ላይ ትራፊክ የለም። ለምንድን ነው የምታሞኘን?» አለኝ።

«ልጄ የምትሻገረው እዚያ ነው» አልኩ።

«ታድያ እንደሱ አትለንም?»

«ብያችሁ ኖሮ ቀስ ትሉ ነበር?»

ሰውየው አገጩን አሻሸና፣ «ሓቁን ልንገርህ፣ አንልም ነበር» አለኝ። ተራው ደርሶ ነበርና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። እኔ ደሜ ፈልቶ ቀረሁ። መልሱን ባውቀውም፣ በአፉ ሲለው ግን አቃጠለኝ።

በማግስቱ እንዳ ኢየሱስ ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ልጄ የምትለቀቅበት ሰዓት አለፈብኝ። ልደርስላት ብዬ መኪናዬን ቁልቁለቱ ላይ ለቀቅኩት። ከኋላ አንዲት እናት «ቀስ በል ልጄ» ቢሉኝም ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ከታች የዚያ ሰውዬ ሚኒባስ ዳገቱን እየወጣ መጣ፤ ሁለቴ ብልጭ አደረገልኝ። እግሬ ሳላዘው ፍሬን ረገጠ፣ እጄ ቀበቶ ፈለገ። ትራፊኩ የት ቆሞ ይሆን ብዬ ዳር ዳሩን አየሁ።

ትራፊክ አልነበረም። ከፊቴ ልጆች እየተሻገሩ ነበር፤ መሃላቸው የኔዋ፣ መኪናዬን አውቃ እጇን እያወዛወዘች።