ውርጌሳን ያዙ

በቀደም ዕለት ልጄ መቅደስ በክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ቆሜ ሳነብ ቆየሁ። አንድ፣ አምስት፣ ስድስት፣ አራት ይላል፤ ከቁጥሮቹ ሥር ኮርዶች የሚባሉት የጊታር ክር አያያዞች ስም በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። በስልኳ የምትከታተለው አስተማሪ፣ እነዚህን ኮርዶች በዚህ ተራ የያዘ ሰው ስፍር ቁጥር የሌለው ዘፈን መጫወት ይችላል ብሏታል። «አባዬ፣ የተለመዱትን አካሄዶች መማር ግድ ነው ወይስ ጆሮ ይበቃል?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጆሮ ያለው ሰው ወረቀት አያስፈልገውም ብዬ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች አቋራጭ መውደድ ትንሽ ገሥጬያት ወጣሁ። በረንዳው ላይ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ውሸት ነው የነገርኳት፤ ውሸቱ ከየት እንደመጣም አውቃለሁ።

በደርግ መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ ወደ ወልድያ እየቀረበ በነበረበት ጊዜ፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው በፀሐይ ግሎ በሚንጣጣ፣ ጆንያና ናፍታ በሚሸት አዳራሽ ውስጥ ለዘማቾች የምናሳየውን ዝግጅት እንለማመዳለን። የነበረን አንድ ጊታር ነው፤ ወፍራሙ ክር ተበጥሶ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ ስለተተካ ዝቅ ያለው ድምፅ ሁሉ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው ያጉረመርማል። እኔ ግን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀው ነበር፤ እንድሪስ ከመርሳ እስኪመጣ ድረስ ከእኔ በቀር የነካው የለም።

እንድሪስ የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ሲሆን፣ ለትምህርት ብሎ ወልድያ አክስቱ ቤት ገባ። ጊታር የተማረው መርሳ ከነበረ፣ የሙዚቃ መጽሐፍ ካለው አንድ መምህር ነው። ዛሬም ሳላፍር እናገራለሁ፣ ጣቱ ከእኔ ጣት አይበልጥም ነበር። ነገር ግን ዘፈኑ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። እኔ የሚቀጥለውን ኮርድ በጆሮዬ ፈልጌ ሳገኝ ዘፋኛችን ዘነበች ሁለት ቃል አልፋኛለች፤ እሱ ግን ቀድሟት ደርሶ ይጠብቃታል። በሳምንቱ ዘነበች ዘፈን ልትጀምር ስትል እኔን ማየት ትታ እሱን ታይ ጀመር። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ኮርድ አንድ፣ ኮርድ አራት ቢል ማንም እንደማይገባው ስላወቀ፣ ቁጥሮቹን ትቶ ኮርዶቹን በአባቱ የመኪና መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ሰየማቸው። ወልድያ ቤት ናት፣ ዘፈን ከእሷ ተነስቶ ወደ እሷ ይመለሳል። ሲሪንቃ ትንሽ ወጣ የምንልባት ናት። መርሳ ላይ ጆሮ ልመለስ ልመለስ ይላል። ውርጌሳ ሆድ የምታባባዋ ናት። ሐይቅንና ደሴን ገና ወደፊት ትማራላችሁ፣ ዘፈን የሚያምረው እዚያ ነው ይለን ነበር። ከዚያ ልምምዱ ሲጀመር ጊታሩን እየመታ «ሲሪንቃን ያዙ! አሁን መርሳን ያዙ! ወደ ወልድያ ግቡ!» እያለ ይጮኻል። ማሲንቆ የሚመቱት ጋሽ ይመር «እኔ የጉዞ ወረቀት አላወጣሁም፣ እዚሁ ልጠብቃችሁ» እያሉ ያስቁን ነበር። በሦስት ቀን ሁሉም ገባው። እኔ «ይሄ የመናኸሪያ ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» እያልኩ አፌን አጣመምኩ፤ ቤት ስገባ ግን ክር በሣልኩበት ጣውላ ላይ ጣቴን እየደረደርኩ የከተሞቹን ስም በሹክሹክታ እደግም ነበር።

የከተሞቹ ስም በዚያ ሰሞን እንዲህ በጩኸት የሚጠራ አልነበረም። ማን የት ደረሰ፣ የትኛው ከተማ ተያዘ የሚለው ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ጓሮ የሚያልፍ ጥበቃ «ውርጌሳን ያዙ! መርሳን ያዙ! ወደ ወልድያ ግቡ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ሁለት ሆነው ገቡና እንድሪስን ይዘውት ሄዱ።

በማግሥቱ እኛንም ለምርመራ ጠሩን። ጋሽ ይመር የጊታር ትምህርት መሆኑን በእርጋታ አስረዱ፤ አዝማሪ ናቸው ተብሎ የሚሰማቸው ጠፋ። ከዚያ መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ «ጊታረኛው አንተ ነህ አሉ። እንዲህ የሚባል ትምህርት አለ?» አለኝ።

«እኔ በጆሮዬ ነው የምጫወተው» አልኩ። «እንዲህ ያለ ትምህርት አላውቅም።»

ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ፍርሃትም ነበረ፤ ምላሴን ያንቀሳቀሰው ግን ቅናት ነው። ጋሽ ይመር መሬት መሬት ሲያዩ እኔ ጊታሩ ማን ዘንድ እንደሚያድር አስብ ነበር። በዝግጅቱ ቀን ብቻዬን ተጫወትኩ፣ ዘነበችም ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ፤ ደስ አለኝ። ሰው ክፋት ሲሠራ ሆዱ ይረበሻል የሚሉ አሉ፤ እኔ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አባቱ የመምህሩን መጽሐፍ ይዘው መጥተው ካሳዩ በኋላ፣ ለቀቁት። ከስቶ አዳራሹ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አላውቅም አልክ አሉኝ» አለ።

የጊታሩን ክር መወጠር ጀመርኩ።

«እኔ ያስተማርኩህ መስሎኝ ነበር።» ይህን ብሎ ተነሳ። በዚያው ሳምንት ከአባቱ ጋር ወደ መርሳ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ በላያችን አለፈ። ዛሬ ኮምቦልቻ ጋራዥ እንዳለው ሰምቻለሁ። ስንት ጊዜ በከተማዋ አልፌ አንድ ቀንም አልወረድኩም።

ልጆቼን ሁሉ ጊታርን ያለ አስተማሪ ለመድኩ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። እውነቱ ግን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስጫወት ዘፈኔ ሁሉ ውርጌሳ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያሳየኝን ሰው በገዛ አፌ አባረርኩት።

ከበረንዳው ተመልሼ ገባሁ። «መማር ግድ ነው» አልኳት። «እኔም የተማርኩት እንድሪስ ከሚባል ልጅ ነው።» መቅደስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወረቀቱን እያየች ተጫወተች። ጣቶቿ የሚቀጥለውን ቦታ ሳይፈልጉ ከጆሮዬ ቀድመው ሲያርፉ፣ ያ የዱሮው ቅናት፣ በገዛ ልጄ ላይ፣ ደረቴ ውስጥ ተነሳ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ቀስ በይ» አልኳት። «አልደረስኩብሽም።»