በስልክ የመጣ መርዶ

ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ የሰማሁ እየመሰለኝ ዛሬም ባንኜ እነሳለሁ። በልጅነቴ መካነ ሰላም ያ ኮቴ የመርዶ ኮቴ ነበር፤ ሰው ወደ ሞተበት ቤት ገና እሳት ሳይጫር፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመጣ ነበር። መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ ለብቻም አይሰማም ነበር።

ታላቅ እህቴ የሺ ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ የሄደችው አደይ እንደረገፈ ነው። በየእሁዱ እየደወለች እናታችንን «እቴቴ፣ እንዴት ከረምሽ?» ትላት ነበር። በክረምቱ አንድ ቀን እናቴ ባቄላ እየለቀመች ሳለ ስልኩ ጮኸና አንዲት የማናውቃት ልጅ የሺ ታማ ማረፏን፣ እዚያው መቀበሯን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። እናቴ ስልኩን አስቀምጣ ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች። እኔ እሪ ስል «ዝም በይ፣ ማን አረዳን?» አለችኝ። በነጋው ገበያ ወጣች፣ ከገበያ ተመልሳም ጎመን ኮተኮተች። ከእህቴ ሞት ይልቅ የእናቴ ዝምታ አስፈራኝ፤ አእምሮዋን የምትስት መስሎኝ ሮጬ ለጎረቤታችን ለጋሽ ሰይድ ነገርኳቸው።

«መርዶዋን በወጉ አላገኘችም» አሉና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን አስከትለው መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። እሳቸውም ምንም እንዳልሰማች ሁሉ፣ «እታገኝ ልጄ፣ ልጃችን የሺ በሰው አገር አርፋለች። አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» አሏት።

«የኔዋ የሺ?» አለች፣ እሷም እንዳልሰማች ሁሉ። ያን ጊዜ ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ደግፈው ያዟት፣ እሷም ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። እኔም እቅፏ ገብቼ እያለቀስኩ ደስ አለኝ፤ እናቴ ተመልሳልኛለች። መስከረም ሲጠባ ጥቁሯን እንደለበሰች የየሺን የልጅነት ተንኮል እያነሳች ፈገግ ትል ነበር።

ዘንድሮ እኔም ጅዳ ሰው ቤት ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ወንድሜ ከአገር ቤት ደውሎ «እቴቴ አረፈች» አለኝ። «እሺ» ብዬ መተኮሴን ቀጠልኩ። የአገሬ ልጆች «ነፍስ ይማር»፣ «አላህ ያጽናሽ» እያሉ ጻፉልኝ፤ መምጣት ግን አልቻሉም፣ ማናችንም ከአሠሪ ቤት እንደልባችን አንወጣም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነጠላዬን ዘቅዝቄ የጓሮውን በር ከፈትኩና ቆምኩ። ለእናቴ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶላት ነበር፤ እኔ ደጅ ላይ ማንም አልነበረም። በሩን ዘግቼ ቁርስ ልሠራ ገባሁ፤ እስካሁን አላለቀስኩም።