የሰናይት ማሽንና የክረምቱ እንግዳ

ኑ፣ ጠጋ በሉማ ልጆቼ፤ አምና በክረምት እዚህ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ቤታችን የሆነውን ላጫውታችሁ። የልጄ ልጅ ሰናይት እንጨት የሚቀርጽ ማሽን በእጇ ሠርታለች። መቅረጫው ወዲያ ወዲህ ሲሄድ ጫፍ እየደረሰ እየተላተመ ቢያስቸግራት፣ ስዊች የምትላቸውን ትንንሽ ነገሮች ሽቦ ስባ ዳርና ዳር ገጠመችበት። እነሱ ከተነኩ ማሽኑ ቀጥ ይላል።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ያላቸው ጋሽ ተሰማ የሱቃቸውን ታፔላ ሊያሠሩ ፈልገው፣ «መጀመሪያ ሲሠራ ልየው» ብለው በዝናብ መጡ። ሰናይት ማሽኑን ብታስነሣው፣ ወይ ፍንክች! ሽቦውን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ላብ አጠመቃት።

«የኔ ልጅ፣ በእጅ ለሚቀርጽ ብሰጠው አይሻልም?» አሉ ጋሽ ተሰማ ብድግ ብለው።

ደሜ ፈላ! «ኧረ ይቀመጡ!» ብዬ ዞር ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? ሲገቡ ጃንጥላቸውን ማሽኑ ዳር ላይ ሰቅለውት፣ እጀታው ስዊቿን ተጭኗት ቁጭ ብሏል!

«ጋሼ፣ ጫፍ ደረስኩ ብሎ እኮ ነው የቆመው!» ብዬ ጃንጥላውን አነሣሁት። ሰናይት እንደገና ብታስነሣው ማሽኑ እየዘመረ ሄደ፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት።

ታፔላው ዛሬ ፒያሳ ተሰቅሏል። ሰናይት ሥራ በዝቶባታል። ጋሽ ተሰማም ሰው ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ በር ላይ ጃንጥላ ተቀባይ ሆኛለሁ።