ሳይሰጥ የቀረው የፅጌ ደም

ዛሬ ጠዋት ወደ ፒያሳ በምወርድበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው አንድ ሐኪም ያነጋግር ነበር፤ ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ። ለእንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ብዙ ደም እንደሚዘጋጅ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ የቆየና ለሕመምተኛው ያልተሰጠው ግን እንደሚጣል ሲናገር፣ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ "የሰው ደም ይደፋል? ወይ ግፍ" አሉ። ሐሳቤ ወደ አንድ ሩቅ ነሐሴ ሄዶ ነበር።

ከደረጄ ጋር ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ቁስቋም ዳገቱ ላይ፣ ጭቃው ጫማ የሚያስቀርበት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለስ የተጠበሰ በቆሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ ትኩሱን እየፈለፈልን እንጫወታለን። በዚያ ክረምት ግን መብላት ተወ። ቀኝ ጎኑን ደግፎ ይቀመጣል። ቢመረመር ጉበቱ ላይ እጢ ተገኘ።

"እጢው ይወጣል" አለኝ ሐኪሙ። "ግን ጉበት ሲነካ ብዙ ሊደማ ይችላል። የእሱ ደም ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም። ደም ባንክ ያለው ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። ሰጪ ፈልጊ።"

የእኔ አልገጠመም። የወንድሙም አልገጠመም። የማን እንደሚገጥም ግን ዐውቅ ነበር። ደረጄ ከእኔ በፊት ፅጌ የምትባል ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ እስከ መላክ ደርሶ ነበር። ተማሪ ሳሉ አብረው ደም ሰጥተው፣ ደማቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ያኔ አወቁ። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔን ግን ከሽማግሌዎቹ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነገር ነበር።

ሽሮ ሜዳ፣ አባቷ ሱቅ ወረድኩ። ፅጌ ጋቢ እያጠፈች ነበር። በፎቶ ከማውቃት ይበልጥ ታምራለች፤ እሱም አናደደኝ።

"የደረጄ ባለቤት ነኝ" አልኳት።

"ዐውቅሻለሁ። ምነው፣ ደህና አይደለም?"

ነገርኳት። ጋቢውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

"የት ነው ሄጄ የምሰጠው?" አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እምቢ ብትለኝ ኖሮ እሷን መጥላት ይቀለኝ ነበር።

የኦፕራሲዮኑ ቀን እሷም መጣች። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ እንዳይደማ እመቤቴን እለምናለሁ። በልቤ ግን ሌላም ነገር ነበር፤ የሷ ደም ዕድሜ ልኩን በባሌ ሥር ውስጥ ሲመላለስ ይታየኛል።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወጣች።

"እጢው ወጥቷል፣ ደህና ነው። እንደፈራነው አልደማም፤ የባንኩ ሁለቱ በቃው።"

"የእኔስ?" አለች ፅጌ።

"ያንቺንም ለማንኛውም ብለን አውጥተነው ነበር። ከፍሪጅ ከወጣ ስለቆየ ለሌላ ሰው አይሆንም። ይጣላል፤ ይቅርታ።"

ነርሷ ስትመለስ ፅጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ አየኋት። ደሟ በከንቱ መቅረቱ የከፋት መስሎኝ "አይዞሽ" አልኳት።

"ኧረ ተመስገን ነው" አለችኝ። "እዚህ ቁጭ ብዬ 'ምነው ሳያስፈልገው በቀረ' እያልኩ ስለምን ነበር።"

ሁለታችንም የለመንነው አንድ ነገር ነው። የሷ ግን ሌላ ነገር አልተቀላቀለበትም። ይህን ያህል ትወደው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቅናቴም ባሰ። አቅፌያት አለቀስኩ። እፎይታው ልቤን ሲሞላው ቅናቱም እዚያው ነበር።

አሁን ደረጄ ሸብቷል። ፅጌም አግብታ ወልዳለች። ባለፈው የቁስቋም ክብረ በዓል ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘናት። እጁን ይዛ፣ አገላብጣ ሳመችውና "ጉበትህ እንዴት ነው?" አለችው። እሱ አፉን ሳይከፍት "ደህና ነው፣ ተመስገን" ብዬ እኔ መለስኩላት።

ቅናት ከወጣትነት ጋር የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። የእኔስ ረግቶ ተቀመጠ እንጂ አላለፈም። ያቺን ሴት የማከብራትን ያህል የማከብረው ሰው ጥቂት ነው፤ እጁን ግን ትንሽ ቀደም ብላ ብትለቀው ደስ ይለኝ ነበር።