ከማደያ ነው ያልኩት ቤንዚን

ታላቅ ወንድሜ በአሮጌ ፒክአፕ ከዲላ ወደ ቡሌ ገበያ ጨውና ስኳር ይጭን ነበር። ዲላ ይሞቃል፤ ቡሌ ደጋ ነው። ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ሹፌሮች ዳገቱ ላይ ቆመው ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ትንሽ ያስቀድሙታል። ሲወርዱ ይመልሱታል። ሳይመልሱት ዲላ ከገቡ ሞተሩ ያንኳኳል።

ያን ቀን ቤንዚን ቅዳልኝ ብሎ ላከኝ። ማደያው ጋ ሰልፍ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነው የተቀመጥኩት፤ ሥራ የለኝም፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ግን መሰለፍ ታከተኝ። መንገድ ዳር በጠርሙስ ከሚሸጡት ገዛሁ። ነጭ ጋዝ እንደሚቀላቅሉበት አውቅ ነበር። ሁሉም ሰው ያውቃል።

እስከ ከተማው መውጫ አብሬው ሄድኩ። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው አንኳኳ።

"ከየት ነው የቀዳኸው?" አለኝ።

"ከማደያ ነው፣ ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ታዲያ ከወንዝ ልቅዳው?"

ሳቀ። አመነኝ። "እንግዲያው ትናንት ስወርድ እሳቱን መመለስ ረስቼ ነው። አረጀሁ በለኛ!"

ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ እሳቱን ወደ ኋላ መለሰው። ማንኳኳቱ ጠፋ። እፎይ ብዬ ወረድኩ።

አልረሳም ነበር። የተመለሰውን ነው ደግሞ የመለሰው። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ያለጊዜው እንደሚፈነዳ፣ ኦክቴኑ ወረደ የሚሉትም ይህን እንደሆነ ጋራዥ ሄጄ የጠየቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ እንደ ወትሮው ትንሽ ቢያስቀድመው እንኳ፣ እሳቱ የዘገየበት ሞተር፣ በዚያ ላይ አየሩ ሳስቶ፣ ጭነቱን መሳብ አቃተው። ቡሌ ሊደርስ ሲል ጠፋ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይደነድናል። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው ገደል ነበር።

ለቅሶ ቤት ሹፌሮቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። "እሳቱን አበላሽቶት ነው። ሥራውን አያውቅም ነበር።" እናቴ ሰማች።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ጠየቀችኝ። "እውነት ልጄ ሥራውን አያውቅም ነበር?"

ከእሱ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ነገርኳት። ጠርሙሱን፣ ውሸቴን፣ ማመኑን። አልጮኸችም።

"ሰልፉ ረጅም ነበር?" አለችኝ።

"አልነበረም" አልኳት።

አሁንም ምሳዬን ታቀርብልኛለች። እሷ ግን እንደ ድሮው አብራኝ አትቆርስም፤ ቆይታ፣ እኔ ስወጣ ነው የምትበላው።