እጃቸው ብቻ ይበቃል ሲሉኝ

ለክልሉ የጥበብ ፌስቲቫል ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የሮቢን ወንዝ ዳር ዳሩን አንስቻለሁ፤ ካራቆሬ ላይ አንድ ተረት አዋቂ ሽማግሌ በራሳቸው ተረት ሲስቁ፣ አሊዩ አምባ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ አንስቻለሁ። ስለነዚህ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ሸክላ ሠሪ ላይ ሲደርስ ግን የሚፈለገው እጅ ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ምክንያቱ አይጠፋኝም። እጅ ዘመድ የለውም፤ ፊት ግን የአንዷ እናት፣ የሌላው እህት ነው። በሸክላ ሠሪዎቹ ድስት ወጥ ሠርቶ የሚበላ ሰው ጋብቻ ሲመጣ ቡዳ ናቸው ይላል። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

አምና ከከተማው ወጣ ብላ ካለች መንደር አንዲት ሸክላ ሠሪ አነሳሁ፤ እትዬ ነው የምላቸው። በቅል ስባሪ የድስቱን ሆድ ሲያለሰልሱ ድንገት ቀና ብለው ፊት ለፊት አዩኝ። ጉንጫቸው ላይ ጭቃ ነበር። ፎቶውን ስለወደድኩት በትልቁ አሳተምኩት።

ፌስቲቫሉ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ከአዘጋጆቹ አንዱ ደወለልኝ። የእትዬ ወንድም ፊታቸው እንዳይታይ ሄዶ ለምኖት ኖሯል። ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፤ እናቷ ሸክላ ሠሪ መሆናቸው አልተነገራቸውም። ካወቁ ኒካሁ ይቀራል። አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፎቶውን እንቁረጠውና እጃቸው ብቻ ይሰቀል፣ ይበቃል አለኝ። ደሜ ፈላ። ፊታቸው ከተቆረጠ አንድም ፎቶዬ አይሰቀልም ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ከዘጋሁት በኋላ ግን ትዳሩ የእኔ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እትዬ የደረቁ ድስቶችን በኩበት እየሸፈኑ ነበር። ክምሩ እሳት እስኪይዝ ድረስ ሰው አያናግሩም፤ በወሬ መሃል የተለኮሰ ድስት ይሰነጠቃል ብለው ያምናሉ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጭሱ ሲነሳ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አትስቀይው ካሉኝም እንደማልሰቅለው ነገርኳቸው። የታጨችው ልጃቸውም ከሥራ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ወላሂ፣ እኔ ሰርቄ አላሳደግኋት። የማፍርበት ነገር የለኝም" አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ትዳሩ ግን ያንቺ ነው፤ አንቺ ተናገሪ።"

ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ወደ ከተማ ተመለስኩ፤ በነጋታው ራሷ ደውላ ስቀይው አለችኝ።

የመክፈቻው ቀን የእጮኛዋ እናት አምረው መጡ። ፎቶው ፊት ቆመው ሥራዬን ካደነቁ በኋላ የተነሱት ሴት ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። አፌን ሳልከፍት ልጅቷ ከኋላችን ቀደመችኝ።

"እናቴ ናት" አለች። "ያስተማረችኝም ሸክላ ሸጣ ነው።"

የእጮኛዋ እናት ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ኒካሁም በዚያው ቀረ። ልጅቷ ሰው ፊት አላለቀሰችም፤ እኔ ግን አለቀስኩ፣ በንዴት።

ፌስቲቫሉ ሲያልቅ ፎቶውን ለመነችኝና ሰጠኋት። የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት ባለቤት አስፈቅዳ እዚያው፣ ከባንኮኒው በላይ ሰቀለችው። የእጮኛዋ እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚገዙት ከዚያው ነው።